ከሞላዎቹ መሃል የወጣ ወረቀት

በእኛ ከተማ ኩባንያውን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። "ፋብሪካው" ነው የሚባለው። አንድ ሰው ፋብሪካው ውስጥ እሠራለሁ ካለ የሚቀጥለው ጥያቄ "የትኛው ክፍል?" ነው፤ ከመልሱ የሰውየውን እጅ፣ ጆሮና ብዙ ጊዜም አመሉን መገመት ይቻላል። ብየዳዎች አንገታቸው ላይ ጥቃቅን የቃጠሎ ጠባሳ አላቸው። ቀለም ክፍሎች ምንም ነገር አይሸታቸውም። ወንበር ክፍሎች ወሬኞች ናቸው፤ ቦታቸው ከሌላው ጸጥ ያለ ስለሆነ ይመስለኛል።

አባቴ ቨርሊን ሃቸር ወንበር ክፍል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የኋላ ወንበር ሲገጥም ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጎረቤታችን ስታን ኮዝሎቭስኪ ደግሞ ብየዳ ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ሚስቱን በርናዲንን አክስት በርኒ እላታለሁ። የሥጋ ዘመዴ አይደለችም፤ ግን እናቴ ከሞተች ጀምሮ የእሁድ ምሳችንን የምንበላው እሷ ቤት ነው። አክስት በርኒ ፋብሪካው ውስጥ አንድም ቀን ሠርታ አታውቅም። ሆኖም ፋብሪካው ከሠራቸው መኪኖች ስለ አንዷ ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

መኪናዋ ሰማያዊ ናት፤ አራት በር። የ1966 ሞዴል ትባላለች እንጂ የተሠራችው በ1965፣ የዛፉ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ሠራተኛ ለራሱ መኪና ካዘዘ፣ መኪናዋ በየትኛው ቀን በመገጣጠሚያው መስመር ላይ እንደምትወርድ ሹክ የሚለው ወዳጅ አያጣም ነበር። ስታን ቀኑን ሰማና ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወሰደ። መታወቂያውን አሳይቶ ገብቶ፣ ሰማያዊው ቦዲ ከቀለም ክፍል ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ጎን ጎኑን ሄደ። መስመሩ የሽማግሌ እርምጃ ያህል እንኳ አይፈጥንም። ስታን አንድ ፈረቃ ሙሉ አብሯት ተራመደ፤ ዳቦውንም እየተራመደ በላ። በየደረሰበት ለቆመው ሠራተኛ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ "ይቺ የበርኒ ናት።" ይህን የሰማ ሰው ያጠበቀውን ብሎን ደግሞ ያጠብቀዋል፤ የበሩን ጎማ ዳር እስከ ዳር በአውራ ጣቱ ይዳስሰዋል። ፈረቃው ሲያልቅ መኪናዋ በራሷ ሞተር ወጣች። አክስት በርኒ የፋብሪካው በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር።

ከሰርጓ ቀን ይልቅ ስለዚያ ቀን ነው የምታወራው። "ሰርጉን የደገሰችው እናቴ ናት፤ ያንን ቀን ግን ስታን ነው የደገሰው" ትላለች።

እሷ ይህን ባወራች ቁጥር አባቴ ሹካውን አስቀምጦ ሁለት እጆቹን ከፍ ያደርጋል። "የኋላ ወንበሯን በእነዚህ ነው የገጠምኩት። በዚህ ጉልበቴ ገፍቼ!" ስታን ከጠረጴዛው ማዶ ያለ ድምፅ ይስቃል። በየእሁዱ እንዲህ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1971 በበረዶው ወራት፣ ስታን ከቤት ወጥቶ ነበር። ምን እንዳጣላቸው አላውቅም፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ የነገረኝ የለም። ሳጊና አጠገብ ወንድሙ እርሻ ላይ አራት ወር ተቀመጠ። መኪናዋን ይዟት ሄዷል። ከተማው ሴት ይዟል ብሎ አወራ፤ የእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር አያሳልፍም። ሲመለስ አክስት በርኒ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችው። "መኪናዋም እኔም ከእርሻው አልወጣንም። ማንም አልገባባትም" አላት። አመነችው። ከዚያ በኋላ ሃያ አራት ዓመት አብረው ኖሩ፤ እነሆ ስታን ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።

ፋብሪካው የሠራቸው አሮጌ መኪኖች ባለቤቶች ማኅበር አላቸው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ በወንዙ ዳር መናፈሻ መኪኖቻቸውን አሰልፈው፣ ኮፈን ከፍተው፣ በታጣፊ ወንበር ይቀመጣሉ። ከአዮዋ የመጣው ከኬንተኪ ለመጣው መኪናው የት መንገድ ላይ እንደቆመችበትና ማን እንደደረሰለት ያወራል። አክስት በርኒ ለዓመታት ለማየት ብቻ ነበር የምትሄደው። ዘንድሮ ግን ማኅበሩ "እንደወጣች" የሚባል አዲስ ምድብ ጨመረ፤ ከመስመሩ ከወረደች ወዲህ ምንም ላልተቀየረባት፣ ምንም ላልተነካባት መኪና። አክስት በርኒ ቅጹን በማግስቱ ሞልታ ላከች። ዋንጫ አልነበረም የፈለገችው። ስታን "ማንም አልገባባትም" ያላትን ቃል፣ የመኪናዋን ሆድ ዕቃ የሚያውቅ ሌላ ሰው ጽፎ እንዲሰጣት የፈለገች ይመስለኛል።

ከውድድሩ በፊት ባለው ረቡዕ የኋላ ወንበሩን አውጥተን ሥሩን ልናጸዳ ጋራዥዋ ውስጥ ነበርን። እኔና አክስት በርኒ እንታገላለን፤ አባቴ በሩ ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ይሰጣል።

"ሌኖር! ወደ ኋላ ገፍተሽ ነው ወደ ላይ! ወደ ኋላ! እንዲህ ከሆነማ ልጄ ናት ብዬ ለሰው አላወራም።"

"አባዬ፣ ተነሥተህ ለምን አታሳየንም?"

"ጡረታ ወጥቻለሁ።"

"አፍህ ሲቀር" አለች አክስት በርኒ።

ወንበሩ ድንገት ተላቀቀና ሁለታችንም ወደ ኋላ ተንገዳገድን። ሥሩ የደረቀ የአይጥ ጎጆ፣ ሁለት የፀጉር ሽቦና የማኪናክ ድልድይ ማለፊያ ደረሰኝ ነበር። ወንበሩን በጀርባው ስንገለብጠው ደግሞ በሽቦ ሞላዎቹ መሃል የተወተፈ ቡናማ ወረቀት አየን። አክስት በርኒ በሁለት ጣቶቿ፣ ቁስል ላይ ያለ ፋሻ እንደሚያነሣ ሰው፣ ቀስ ብላ አወጣችው። ሙሉው የለመደ ሰው ብቻ በሚፈታው ቁጥርና ፊደል የተሞላ ነው።

"ቨርሊን! የሥራ ወረቀቷ ነው! ማኅበሩ ውስጥ ሰዎች ይህን ፍለጋ መኪናቸውን በትነው አላገኙም'ኮ!"

እያንዳንዷ መኪና እንዲህ ያለ ወረቀት ነበራት፤ ቀለሟን፣ ሞተሯን፣ የምትላክበትን ቦታ የሚናገር። ወንበር ክፍል ሲደርስ ወረቀቱ ሥራውን ጨርሷል። ቆሻሻ መጣያው ሃያ እርምጃ ይርቃል፤ መስመሩ አይጠብቅም። ስለዚህ ወንበር ገጣሚው ወረቀቱን ሞላዎቹ መሃል ወትፎ ወንበሩን ይገጥምበታል። ዛሬ ሰዎች በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት እሱን ነው።

"እስቲ አንብብልኝ። የስታን ስም ይኖርበት ይሆን?"

አባቴ መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረው። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለውን ወረቀት በየደቂቃው ሲያነብ የኖረ ሰው ነው፤ ዓይኑ አንዴ ከላይ እስከ ታች ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ፊቱ ላይ የነበረው ቀልድ ጠፋ።

"ደብዝዟል" አለ። "አይነበብም። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም።"

"እኔ'ኮ ቁጥሮቹ በደንብ ይታዩኛል።"

"እንግዲያ አንብቢያ!" ብሎ ሰጣትና ተነሣ። "ወደ ቦታው መልሺው። ለአይጥ ነው የሚሆን።"

"ለዳኛው ነው የምሰጠው" አለች፤ ወረቀቱን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ያዘችው።

አባቴ ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ ደረስኩበት። ምን እንዳነበበ ጠየቅሁት።

"አረንጓዴ ናት" አለ። "ወረቀቷ አረንጓዴ ነው የሚለው። ሬዲዮ የላትም። ወደ ኦሃዮ የምትላክ።"

"ስለዚህ ወንበሩ የሌላ መኪና ነው?"

"አይደለም። ወንበሩ ያኔ የገባው ራሱ ነው። ወረቀቱ ነው የተሳሳተው።"

"እንዴት አወቅህ?"

እዚህ ላይ አባቴ ጫማውን መመልከት ጀመረ። በመስመሩ ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሰዎች "ደርብልኝ" ይባባሉ ነበር። ግማሽ ሰዓት አንዱ የሁለቱን ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ ሌላው ያርፋል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ፎርማኑ ያውቃል፤ ሥራው እስካልተጓደለ ድረስ ግን እንዳላየ ያልፋል። ከአባቴ ጎን የሚሠራው ሉፔ ሬይና የሚባል ቀጭን፣ ፈጣን ሰው ነበር፤ ከብዙ ዓመት በፊት ሞቷል።

"ሰማያዊዋ ስታልፍ ሉፔ ነበር የደረበልኝ" አለ አባቴ። "እኔ ጥጡ ላይ ተኝቼ ነበር። የወንበር ጥጥ በትልቅ ጥቅል ይመጣል፤ ከአልጋ ይሻላል። ከዚያ በፊት በነበረው ማታ ካርታ ስጫወት አምሽቼ ነበር። ስነቃ መኪናዋ አልፋለች፤ ወረቀቱም ተሳስቷል።"

"በእነዚህ እጆቼ ትል አልነበር እንዴ?"

"እል ነበር።"

"ንገራታ፣ አባዬ። ቅዳሜ ዳኛው ያነበዋል። ወንበሩ ተቀይሯል ነው የሚላት። መኪናዋ ደግሞ ከእጇ የወጣችው ስታን ይዟት የሄደ ጊዜ ብቻ ነው። ምን እንደምታስብ አታውቅም?"

"አውቃለሁ" አለ። "ነገ እነግራታለሁ።"

ሐሙስ አልነገራትም። ዓርብ ሣሯን አጨደላት፤ ያልጠየቀችውን የአጥሯን በር ቀባላት፤ አሁንም አልነገራትም። ሠላሳ ሦስት ዓመት የተበላ የእሁድ ምሳ በአንድ ሰው ጉሮሮ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ አየሁ። እኔ ልንገራት ብዬ አስቤ ነበር። ግን ታሪኩ የእሱ ነው።

ቅዳሜ ፀሐይዋ ለስላሳ ነበረች። መኪኖቹ ከወንዙ ጎን እስከ ድልድዩ ድረስ ተሰልፈዋል። ዳኛው ዶክተር ፎስዲክ ይባላል፤ አን አርበር ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነው። ነጭ ጓንት አድርጎ፣ ትንሽ ባትሪ ይዞ፣ በየመኪናው ሥር ይንበረከካል። የቀለም ክፍሉ ሮስኮ ቲብስ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በየዓመቱ ዳኞችን ለማብሸቅ ብቻ የሚመጣ ሽማግሌ፣ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል።

"ዶክተር፣ አፏን ክፈቺ በላታ!"

"ከፍታለች፣ ሚስተር ቲብስ" አለ ዶክተሩ ከኮፈኑ ሥር። "የእርስዎ ቀለም እስካሁን ይዟል።"

"ይዟል? ከእኔ ትዳር ይልቅ ይዟል! ሦስቱም ትዳሬ ተደምሮ!"

ዶክተሩ አርባ ደቂቃ ያህል ሰማያዊዋን መረመረ። የሞተሩን ቁጥር፣ የበሩን የቁጥር ሰሌዳ፣ የወለሉን ምንጣፍ አየ። አንገቱን ይነቀንቃል፤ ይጽፋል። አክስት በርኒ ከጎኑ ቆማ ሳይጠይቃት ትነግረዋለች፤ በማኪናክ ድልድይ ላይ በነፋስ ቀን እንዳለፉ፣ አንድ ዓመት የገና ዛፍ ጣሪያዋ ላይ ጭነው ቤት ሲደርሱ ግንዱ ብቻ እንደቀረ፣ ስታን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ዘይቷን እንደሚያይ። በመጨረሻ ፎጣውን ፈታ ወረቀቱን ሰጠችው።

ዶክተር ፎስዲክ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ወደ በሩ ሄዶ ሰሌዳውን አየና ተመለሰ። ጓንቱን አወለቀ።

"ወይዘሮ ኮዝሎቭስኪ፣ ይህን የት አገኙት?"

"ከኋላ ወንበሩ ሥር። እኔው ነኝ ያወጣሁት።"

"ይህ የእርስዎ መኪና ወረቀት አይደለም። የአረንጓዴ መኪና ነው፤ ቁጥሩም ሌላ ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ጨዋ ሰው ነው። "ወረቀቱ ከወንበሩ ጋር ነው የሚሄደው። እና የሆነ ጊዜ ላይ የሆነ ሰው የኋላ ወንበሩን ቀይሮታል። ነውር የለበትም፤ ይቀደዳል፣ አንድ ነገር ይፈስበታል፣ ሰው ይቀይረዋል።"

"ማንም አልቀየረውም። ከእጄ ወጥታ አታውቅም።" ቀጥላ ለራሷ የምትናገር ይመስል፣ "ከአራት ወር በቀር" አለች።

"ሌላ ምድብ ውስጥ ላስገባት እችላለሁ። እዚያ ያለ ጥርጥር አንደኛ ናት።"

"ለሌላ ምድብ አልመጣሁም፣ ዶክተር።"

"ኧረ ተዋት!" አለ ሮስኮ። "ወንበር ወንበር ነው! ቂጥ የሚቀመጥበት ነገር!" ማንም አልሳቀለትም፤ እሱም ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ወደ ሌላ መኪና ሄደ።

አባቴን አየሁት። ከእኛ አምስት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

አክስት በርኒ ኮፈኑን ዘጋች። በሮቹን አንድ በአንድ ዘጋች፤ የኋላውን በር ስትዘጋ ወደ ውስጥ አልተመለከተችም። ለምሳ ሥጋ በጎመን ቅጠል ጠቅልላ የሠራችውን ከእነ ድስቱ ሣሩ ላይ ትታ ሄደች።

ድስቱን እኔ አነሣሁት። አባቴ መኪናችን ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። ቤት ስንደርስ ድስቱን ከእጄ ወሰደ።

"ነይ" አለ። "ብቻዬን ከሄድኩ ከበሩ እመለሳለሁ።"

አክስት በርኒ ማዕድ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ጫማዋን አላወለቀችም። አባቴ ድስቱን ምድጃው ላይ አስቀምጦ ቆመ።

"ተቀመጥ እንጂ፤ ምን ትቆማለህ" አለችው። "አንቺም ተቀመጪ፣ ሌኖር።" ከዚያ ሳንጠይቃት መናገር ጀመረች። "ከመናፈሻው እስከዚህ ስነዳ ስታንን ስከሰው መጣሁ። የሞተ ሰው ይከሰሳል? ለዚያች ሴት መልክ እንኳ ሠራሁላት። ስም አወጣሁላት። ቀይ ፀጉር አላት። እዚያ ወንበር ላይ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደፈሰሰ፣ ምን ያህል ቢበላሽ ነው ሌላ ወንበር ፈልጎ የገጠመው እያልኩ…" በእጇ ጠረጴዛውን ጠረገች፤ ምንም አልነበረበትም። "ሃያ አራት ዓመት አጠገቤ ተኝቶ 'ማንም አልገባባትም' ያለኝ ሰው።"

"በርኒ" አለ አባቴ። "ወንበሩ አልተቀየረም።"

"ዶክተሩን አልሰማኸውም?"

"ዶክተሩ ጥርስ ይንቀል። እኔ ልንገርሽ።" አሁንም አልተቀመጠም። "ያን ቀን ወንበሩን የገጠምኩት እኔ አይደለሁም። ተኝቼ ነበር። ሉፔ ደርቦልኝ ጥጡ ላይ ተኝቼ ነበር።"

አክስት በርኒ ቀና ብላ አየችው።

"መኪናዋ ስትደርስ ሉፔ ብቻውን ነው። ወንበሩ ረጅም ነው፤ የለመደው ሰው ብቻውን ይገጥመዋል፣ ግን ይጭረዋል። ስታን አየው። 'ቨርሊን የት ነው?' አለው። ሉፔ ወደ ጥጡ አሳየው። ስታን ቀሰቀሰኝ? አልቀሰቀሰኝም። እጅጌውን ሰብስቦ በአንዱ ጫፍ ያዘና ከሉፔ ጋር ራሱ ገጠመው። 'ቀስ በል፣ ይሄ ብየዳ አይደለም' አለው ሉፔ። ሁሉንም በኋላ የነገረኝ እሱ ነው።"

"ወረቀቱስ?"

"ሉፔ ሲደርብ ወረቀት ቀድሞ ያነሣል፤ አንዱን በእጁ፣ አንዱን በኪሱ። የአንቺ መኪና ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበር። ስታን የወንበር ሥራ አያውቅም። ሰዎቹ ወረቀት ሲወትፉ አይቷል፤ እሱም ሥራው እንዳይጎድል ብሎ ከጠረጴዛው ላይ የላይኛውን አንሥቶ ወተፈ። የቀጣዩ መኪና ነበር፤ የአረንጓዴው። ሉፔ ኪሱ ውስጥ የቀረውን ያገኘው መኪናዋ ካለፈች በኋላ ነው። እሱንም አረንጓዴው ውስጥ ወተፈው። ሲነግረኝ ሳቅን። ለማንም አልነገርንም። ስታንም መሳሳቱን አላወቀም።"

"አንተ መተኛትህን ግን ያውቃል።"

"ያውቃል።"

"በእነዚህ እጆቼ ስትል ያውቃል።"

"አዎ፣ በርኒ። አንድም ቀን አላጋለጠኝም። የመጀመሪያውን እሁድ ለቀልድ ነበር ያልኩት። አንቺ ደስ አለሽ፤ አመሰገንሽኝ፤ ሁለተኛ ሥጋ ጨመርሽልኝ። ከዚያ እንዴት ልመለስ?"

አክስት በርኒ አባቴን ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ምን እያሰበች እንደሆነ ለማወቅ አይከብድም ነበር። ሉፔ ሞቷል፤ ስታን ሞቷል። ያላት የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው፤ ያም ሰው ሠላሳ ሦስት ዓመት ዋሽቻለሁ እያላት ነው። ስታንን ሊያድንላት ፈልጎ ይህንንም ፈጥሮ እንደሆነስ?

"ስታን" አለች ቀስ ብላ። "ወንበሩን ሲገጥም ምን ለብሶ ነበር?"

አባቴ አፉን ከፈተ። ስታን በየመከሩ የሚለብሳት የአደን ጃኬት ነበረችው፤ ቀይና ጥቁር፣ ክርኗ የተጣፈ። መንገዳችን ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ጃኬቷን ቢላት ማንም ሰው አይጠራጠረውም፤ እኔም አልጠራጠረውም ነበር። ደስ የምትሰኝበትን መልስ እንዲህ በቅርብ አስቀምጣለት ነበር።

"አላየሁም" አለ። "ተኝቼ ነበር አልኩሽ'ኮ።"

አክስት በርኒ ትንፋሿን ለቀቀች። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ተነሥታ ምድጃውን ለኮሰች፤ ድስቱን ወደ እሳቱ አስጠጋች፤ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች።

"ስታን ወንበር ሲገጥም" አለች ጀርባዋን እንደሰጠችን። "ጥፍሩ ውስጥ የብየዳ ጥላሸት ይዞ። አዲስ ወንበር ላይ።"

"ቢያቆሽሸው ሉፔ ይገድለው ነበር።"

"ዝም በል፣ አንተ።" ግን ድምጿ ውስጥ ቀጭን ሳቅ ነበረ። ማማሰያውን ይዛ ዞረች። "የእኛ ወረቀት እንግዲህ ኦሃዮ ነው ያለው?"

"ቀልጣ ብረት ካልሆነች፣ ኦሃዮ ነው። ዶክተሩ በቁጥሩ ሊፈልጋት ይችል ይሆናል፤ እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም።"

አሰበችበት። በመስኮቱ ጋራዡን ተመለከተች።

"አይፈልጋት" አለች። "ማንም ይሁን ያ ሰውዬ፣ ወንበሩን አንሥቶ ሰማያዊ የሚል ወረቀት ያገኛል። እሱም ይጨነቅ። ሚስቱም ትጨነቅ። ለምን እኔ ብቻ?"

ከዚያ ሦስት ሳህን አወጣች፤ ሦስተኛውን ግን ጠረጴዛው ላይ ከማኖሯ በፊት እጇ ላይ ይዛው ቆየች።

"ነገ እሁድ ነው" አለችው አባቴን። "ነገ አትምጣ። ስለሳቅሁ ብቻ ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ።"

"እሺ።"

"ሌኖር ትምጣ። አንተ ቤትህ ሾርባህን አሙቅ።"

"እሺ፣ በርኒ።"

"የሚቀጥለው እሁድ ትመጣለህ። በጠዋት ነው የምትመጣው። ጎመኑን እኔ አልጠቀልልም፤ አንተ ነህ የምትጠቀልለው፤ ሃያውንም። በእነዚያ እጆችህ።"

አባቴ እጆቹን ተመለከታቸው። ከዚያ ሳህኑን ከእጇ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተቀመጠ።